ማንጎው የተላው በየትኛዋ ዝንብ ነው? ስለ ጓሮ ዝንቦች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ጓሮዎን ከትንንሽ ዝንቦች ያጽዱ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በየስልኩ ሲዞር ሰንብቷል። ለጎጃም ባለጓሮዎች የተጻፈ ነው፤ የዘጌን ቡናና ጌሾ፣ የፍኖተ ሰላምን ማንጎ፣ የመርዓዊን የመስኖ ቲማቲም እያነሣ ይመክራል። ሲጨመቅ የሚለው ይህን ነው፦ ጓሮ ውስጥ የሚታዩ ትንንሽ ዝንቦች ሁሉ «የፍራፍሬ ዝንብ» ናቸው፤ ማንጎ ውስጥ ትል የምትጥለው ያቺ ቀይ ዓይኗ ናት፤ በአቼቶ ወጥመድ ትጠፋለች፤ ቅጠል ላይ ነጭ መስመር የምታሰምረውም፣ ችግኝ የምታደርቀውም እሷው ናት፤ ደጋ ላይ የፍራፍሬ ዝንብ የለም፤ ለሁሉም መድኃኒቱ በየሳምንቱ ማላታይን የተባለውን ፀረ ተባይ መርጨት ነው።

ጸሐፊው የተነሡበት ሐሳብ ደግ ነው፤ ስለ ጓሮ ተባይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁንና ስሙ የተሳተ ተባይ መድኃኒቱም ይሳታል። ነጥብ በነጥብ እንሂድ።

«ትንንሽ ዝንቦች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ለይቶ ማወቅ ጊዜ ማባከን ነው»

ከክንፍ እንጀምር። እውነተኛ ዝንብ ያላት ክንፍ ሁለት ብቻ ነው። የኋለኛው ጥንድ ክንፍ በሚኖርበት ቦታ የክብሪት እንጨት የመሰሉ፣ ጫፋቸው ሞላ ያለ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉ፤ ስትበር ሚዛኗን የሚጠብቁላት እነሱ ናቸው። አራት ክንፍ ያለው ነፍሳት ዝንብ አይደለም። በዚህ አንድ መለኪያ ብቻ ጽሑፉ ከዝንቦች ጋር የደመራት «ነጭ ዝንብ» ትወጣለች። ቲማቲሙን ሲነቀንቁት እንደ ዱቄት ብን የምትለው፣ ተመልሳ ቅጠሉ ሥር የምትለጠፈው ማለት ነው። አራት ክንፍ አላት፣ የቅጠል ፈሳሽ ትመጣለች፣ ዘመዶቿም እነ ክሽክሽ ናቸው። አቼቶ ቢያስቀምጡላት ዘወር ብላ አታየውም።

ቀጥሎ መጠን። ማስመሪያ በሌለበት ጓሮ የእህል ፍሬ ጥሩ መለኪያ ነው። ጤፍ ርዝመቱ 1 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ ኑግ ከ3 እስከ 5፤ ስንዴ ከ6 እስከ 7። ነጭ ወረቀት ላይ ሦስቱን በተርታ ደርድሮ ዝንቧን አጠገባቸው ማስተኛት፣ ከዚያ ከላይም ከጎንም በስልክ ማንሳት ነው። ቅጠል ውስጥ የምትቆፍረዋ ሁለት ጤፍ ታህላለች። ቀይ ዓይኗ የአተላ ዝንብ ከኑግ ታጥራለች። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ከጥሩ ኑግ ጋር ትስተካከላለች። የምሥራቁ የፍራፍሬ ዝንብ የምትባለው ደግሞ ከስንዴም ትበልጣለች። እነዚህን አራት «አንድ ናቸው» ማለት ዶሮንና አሞራን አንድ ማለት ነው።

ዝንቧን በመዳፍ መምታት አይገባም፤ የምትለየው በክንፏ ነጠብጣብና በጀርባዋ ቀለም ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጥፊ ይጠፋሉ። ብርጭቆ ደፍቶ፣ ከሥሩ ወረቀት አንሸራትቶ መያዝ ይሻላል። ፍሪጅ ካለ በረዶ ቤቱ ውስጥ 15 ደቂቃ ማቆየት ያደነዝዛታል፤ ከሌለ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ጠብ ማድረግ ነው።

«ማንጎ ላይ የምታንዣብበው ቀይ ዓይኗ ዝንብ ናት ትሉን የምትጥለው»

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ቀይ ዓይኗ ዝንብ ድሮሶፊላ ትባላለች። የጠላ ጋን ሲከፈት፣ አተላ ሲደፋ፣ ሙዝ ተልጦ ሲቆይ ከየት መጣች ሳይባል የምትገኘው እሷ ናት። ከ2 እስከ 4 ሚ.ሜ ትሆናለች፤ ሰውነቷ ቢጫማ ቡናማ ነው። የምትፈልገው ፍሬውን ሳይሆን ፍሬው ላይ የሚፈላውን እርሾ ነው። እንቁላል የምትጥልበት ጫፏ ደግሞ ጤነኛ የማንጎ ልጣጭ የመብሳት ጉልበት የለውም። ስለዚህ የምትደርሰው ፍሬው በሌላ ነገር ከተበሳ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ወድቆ መፍላት ከጀመረ በኋላ ነው። እሷን መክሰስ ለቅሶ ደራሹን ገዳይ ማለት ነው። የወደቀ ዘይቱንና ማንጎ ላይ አብራት የምትታይ ዘመድ አለቻት፦ ዛፕሪየነስ። ከግንባሯ እስከ ጀርባዋ ድረስ በጥቁር የተከፈፉ ብርማ ነጭ መስመሮች ስላሏት በዓይን ትለያለች፤ ማንጎ ላይ የእሷም ጠባይ ያው የለቅሶ ደራሽ ነው።

ፍሬውን በእውነት የምትበሳው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ፣ በተለምዶ የምሥራቁ የፍራፍሬ ዝንብ የምትባለው ናት። አገሯ እስያ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ነው፤ በ2005 «ወራሪዋ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ሳይንሳዊ ስም ወጥቶላት ነበር፤ በ2015 ግን ተመራማሪዎች ከእስያዋ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗን ተስማምተው ስሙን አጠፉት። በድሮው ስም የተጻፈ መመሪያ የሚያነብ ሰው ሁለት ተባይ እንዳይመስለው ነው ይህን ማንሣታችን።

መልኳ እንዲህ ነው። 7 ወይም 8 ሚ.ሜ ትረዝማለች። ጀርባዋ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ቢጫ መስመሮች አሉ፤ ጀርባዋ የሚያበቃበት ትንሽ ጉብታም ቢጫ ነው። ሆዷ ብርቱካናማ ቡናማ ነው፣ በላዩ ላይ በጥቁር የተሣለ የ«T» ፊደል የመሰለ ምልክት አለ፦ አንድ አግዳሚ፣ ከመካከሉ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጥታ። ክንፏ ጥርት ያለ ነው፤ የፊት ጠርዙን ብቻ ቀጭን ጥቁር ጥለት ይዞታል። ነጠላ ላይ ያለ ጥለት ማለት ነው።

የሜዲትራኒያኗ ግን ጥለት ሳይሆን ጥልፍ ናት። 4 ወይም 5 ሚ.ሜ ብቻ ትሆናለች፤ ክንፏ በቢጫማ ቡናማ መደቦችና በትንንሽ ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ነው፤ ጀርባዋ ላይ የሚያብለጨልጩ ጥቁር ምልክቶች አሉ፤ ስታርፍ ክንፎቿን ከፈት አድርጋ ወደ ታች ጣል ታደርጋለች። ከብርቱካን፣ ከዘይቱን፣ ከኮክና ከበሰለ የቡና ፍሬ ትወጣለች። ዘጌ ላይ ዛፍ ላይ የሚቀር ቃርሚያ ቡና ችግር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ዝንቧ የምትኖረው ቀዩ ሥጋ ውስጥ ስለሆነ ውስጥ ያለውን የቡና ጥሬ እምብዛም አትጎዳውም፣ ግን ማንጎና ዘይቱን በሌለበት ወር መኖሪያ ታገኛለች። ዱባና ቅል ውስጥ ትል የሚጥሉት ደግሞ ሌሎች የዚሁ ቤተሰብ ዝንቦች ናቸው።

ዝንቧ ካልተያዘች ትሉ ይናገራል። የተላ ማንጎ ቆርጦ፣ ትልልቁን ትል አውጥቶ ለስላሳ ሳህን ላይ ማስቀመጥና ጥቂት መጠበቅ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ትል ሲጠግብ እስከ 10 ሚ.ሜ ይደርሳል፤ ራሱን እንደ ቀለበት አጥፎ አፉን ከጅራቱ ያገናኝና ፈንጠር ይላል። ይዘላል! ከሳህኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የድሮሶፊላ ትል ከ4 ወይም ከ5 ሚ.ሜ አያልፍም፤ ይሳባል እንጂ አይዘልም። ያልጠገበ ትንሽ ትል ግን የየትኛዋም ቢሆን ላይዘል ስለሚችል ፈተናው የሚሠራው በትልልቁ ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ማሳደግ ነው። ዛፉ ላይ እያለ የተወጋ፣ ገና ያልተሰነጠቀ ፍሬ ሁለት ወይም ሦስት ይቀጠፋል። የተወጋ ፍሬ በመርፌ የተነካ የምትመስል ጠቆር ያለች ነጥብ አለችው፤ አንዳንዴም ከነጥቧ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ ውፍረት ደረቅ የተነፋ አሸዋ አንጥፎ፣ ፍሬዎቹን ከላይ አስቀምጦ፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፍኖ በላስቲክ ማሰር ነው። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አሸዋው ውስጥ ይቀበርና ትልቅ ሩዝ የምታህል ቡናማ ቅርፊት ይሆናል፤ ጎጃም ውስጥ ወይና ደጋ ላይ ከሦስት ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ዝንቧ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አሸዋው ከረጠበ ቅርፊቱ ይሻግታል፤ ፍሬው ብዙ ውሃ ካወረደ በሁለተኛው ቀን ከሥሩ ወንፊት ወይም የተበሳሳ ክዳን መደገፍ ያስፈልጋል። ዝንቧ እንደወጣች ከተገደለች ደግሞ ቢጫው መስመርም፣ ጥቁሩ ምልክትም ገና አልያዘም፤ ገርጥታ ሌላ ዝርያ ትመስላለች። ስለዚህ በጥጥ የስኳር ውሃ እየሰጡ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማቆየት ነው። ሦስተኛውና የጽሑፉ ጸሐፊም ሳይገጥማቸው ያልቀረ የሚመስለን፦ መሸፈኛው ቀዳዳ ካለው ድሮሶፊላ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፣ ትውልዷም ፈጣን ስለሆነ ከእውነተኛዋ ቀድማ ትወጣለች። ያየ ሰው «ይኸው ከማንጎው የወጣችው ቀይ ዓይኗ ናት» ብሎ ይምላል።

«የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው አቼቶ ቢጨምሩበት ከጓሮ ትጠፋለች»

ወጥመዱ ራሱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለድሮሶፊላ ነው። የጠርሙሱን አንገት ቆርጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ ገልብጦ፣ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ማድረግ ነው። ሳሙናው የሚጨመረው አቼቶው እንዲያሰምጣት ነው፤ ያለ ሳሙና ላዩ ላይ ቆማ ጠጥታ ትሄዳለች። ጠላ ቤት ወይም ኩሽና ውስጥ ይህ ይበቃል። ማንጎ ሥር ሰቅሎ ሁለት መቶ ድሮሶፊላ መቁጠር ግን ማንጎውን ከአንዲት መርፌም አያድነውም።

ዶርሳሊስን የሚስበው ሚታይል ዩጂኖል የሚባል ማሽተቻ ነው፤ የሜዲትራኒያኗን ትራይሜድሉር። ሁለቱም የሚጠሩት ወንዶቹን ነው። ወጥመዱ ሞልቶ ያየ ሰው «አለቀላቸው» ይላል፤ እንቁላል ጣዮቹ ግን ዛፉ ላይ ናቸው። ወጥመድ መጀመሪያ የሚጠቅመው መምጣታቸውን ለማወቅ ነው፣ ስለዚህ መሰቀል ያለበት ማንጎው ሳይቀላ በፊት ነው። ሴቷ እንቁላሏን ለማድረስ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ከእርሾ የሚሠራ የፕሮቲን ማታለያ እሷንም የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው።

«ቅጠል ላይ መስመር የምታሰምረውም፣ ችግኝ የምታደርቀውም እሷው ናት»

አይደለችም። እዚህ ጽሑፉ ቢያንስ አራት የተለያዩ ተባዮችን ጠቅልሏል።

የባቄላ፣ የቲማቲም፣ የድንች ቅጠል ላይ እባብ የሄደበት የመሰለ ቀጭን ነጭ መስመር የምትሠራው ሊሪዮማይዛ የምትባል፣ ቢጫና ጥቁር የሆነች 2 ሚ.ሜ ገደማ ዝንብ ናት። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ቢያነሡት በመስመሩ ወፍራም ጫፍ ቢጫ ትል ይታያል። መስመሩ ቀጭን ሳይሆን ሰፊ፣ ፊኛ የመሰለ ነጭ ቦታ ከሆነና ውስጡ ያለው ትል ጥቁር ቡናማ ራስና እግሮች ካሉት ግን ዝንብ አይደለም፤ ቱታ አብሶሉታ ናት፣ የእሳት ራት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለች፣ ፍሬውንም የምትበሳ ክፉ ተባይ ናት። ቆጋ መስኖ ላይ ቲማቲም ያለው ሰው ሁለቱን ቢያምታታ የሚከፍለው በሙሉ ማሳ ነው። የዝንብ ትል እግር የለውም፣ ጎልቶ የሚታይ ራስም የለውም፤ ይህን ማየት በቂ ነው።

ቦሎቄና አደንጓሬ በበቀሉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቢጫ ሆነው የሚደርቁት በሌላ ዝንብ ነው። የቦሎቄ ዝንብ የምትባለው 2 ሚ.ሜ የሆነች፣ የምታብለጨልጭ ጥቁር ናት። እሷን ፍለጋ ከመሮጥ ችግኙን መንቀል ይሻላል፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አብጦ ተሰንጥቆ ይገኛል፣ በጥፍር ሲሰነጥቁት ልጣጩ ሥር ሁለት ጤፍ ወይም ሦስት ጤፍ የሚያህሉ ቡናማ ወይም ጥቁር ቅርፊቶች አሉ። ያልደረቁትን ለማዳን አፈር ማስታቀፍ ነው፤ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣሉ።

የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ ሲያጠጡ ብድግ የሚሉት ጥቁር፣ እግረ ረጃጅም ትንኞች ደግሞ ሲያሪድ የሚባሉት የሻጋታ ትንኞች ናቸው። ቢንቢ አይደሉም፣ አይናከሱም። ያልበሰለ ፍግ የበዛበትና በየቀኑ የሚጠጣ መደብ ይወዳሉ። ለማረጋገጥ 2 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው የድንች ቁራጭ አፈሩ ላይ ደፍቶ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን መተው ነው፤ ሲገለጥ ሰውነቱ ውስጡን የሚያሳይ፣ ራሱ ግን ጥቁር የሆነ 5 ሚ.ሜ ገደማ ትል ከተገኘ እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ውሃ መቀነስ ነው፦ የላይኛው 2 ሳ.ሜ አፈር ደርቆ ካልሆነ አለማጠጣት።

መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የምትለጠፈው፣ ፀጉራም ክንፏ የልብ ቅርጽ የሚመስለው ትንኝ ከጓሮ ተክል ጋር ምንም ጉዳይ የላትም።

«ደጋ ላይ የፍራፍሬ ዝንብ የለም»

ግማሽ እውነት ነው። ዶርሳሊስ ሙቀት ትወዳለች፤ የአባይ በረሃ ዳርና ጣና ዙሪያ ይመቻታል፣ ከፍታ ሲጨምር ቁጥሯ ይቀንሳል። የሜዲትራኒያኗ ግን ቀዝቀዝ ያለ አየር ትችላለች። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሚያህል ከፍታ ላይ ኮክ ተልቶ የሚያገኝ ሰው «ደጋ ላይ የለም» በሚል ምክር ምክንያቱን ዝናቡ ላይ መላከክ የለበትም። ጮቄ ላይ ወጥቶ ገብስ የሚያበቅለው ገበሬም የራሱ ትንሽ ዝንብ አለው፦ የቡቃያ ዝንብ። የመካከለኛው ቅጠል ብቻውን ይደርቃል፣ ሲስቡት በቀላሉ ተመዝዞ ይወጣል። ቆላው የራሱ፣ ደጋውም የራሱ አለው።

«ለሁሉም በየሳምንቱ ማላታይን ይርጩ»

ትሉ ማንጎው ውስጥ ነው፤ ቅርፊቱ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 5 ሳ.ሜ ጥልቀት ላይ ነው። ቅጠል ላይ የተረጨ መድኃኒት አንዱንም አያገኝም። ፍሬው መርገፍ ሲጀምር መርጨት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። የቅጠል ቆፋሪዋ ነገር ደግሞ ይብሳል፦ ትሏ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጋ ትተርፋለች፣ እሷን የሚበሉ ጥቃቅን ተርቦች ግን ውጭ ስለሆኑ ያልቃሉ። ለዚህ ነው በተደጋጋሚ የተረጨ ማሳ ላይ መስመሩ የሚበዛው።

ጽሑፉ «ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ያላቸው ትንንሽ ተርቦች» ብሎ እንዲገደሉ የፈረደባቸው አብዛኞቹ ተርብ አይደሉም፤ አበባ ላይ አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ዝንቦች ናቸው። ክንፋቸውን ቢቆጥሩት ሁለት ነው። ትላቸው ጎመን ላይ ያለውን ክሽክሽ ይጨርሳል፤ አንዱ ትል እስኪያድግ በመቶ የሚቆጠር ይበላል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ቀፎ የሌለበት ጓሮ ጥቂት ነው፤ ማንጎውና ኑጉ ሲያብቡ በጠዋት ማላታይን የረጨ ሰው የጎረቤቱን ንብ ረጭቷል።

በምትኩ የሚሠራው አሰልቺ ነገር ነው። የወደቀና የተወጋ ፍሬ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተለቅሞ 50 ሳ.ሜ ጥልቀት ይቀበራል። 20 ሳ.ሜ ከሆነ ዝንቧ ቆፍራ ልትወጣ ትችላለች፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ መጣል ደግሞ ማርባት ነው። መቆፈር ለማይችል ሰው በጥቁር ፌስታል አጥብቆ አስሮ ትሉ እስኪሞት ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ መተው ይቻላል፤ ፌስታሉ ቀዳዳ ካለው ልፋቱ ከንቱ ነው። ዛፉ ሥር ያለውን አፈር ፊቱን ኮትኩቶ ዶሮ መልቀቅም ቅርፊቱን ያስለቅማል። መርጨት ግድ ከሆነ የፕሮቲን ማታለያ ከመድኃኒት ጋር ተደባልቆ በአንድ ዛፍ 50 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አንድ ካሬ ሜትር በምታክል ቅጠል ላይ ብቻ፣ ፍሬውን ሳይነካ በየሳምንቱ ይረጫል። ዝንቧ ራሷ መጥታ ትበላዋለች። ልኩ ከምርት ምርት ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለው ትእዛዝ ይቀድማል። ለነጭ ዝንብና ለቅጠል ቆፋሪ ደግሞ ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ፣ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀብቶ ከተክሉ ጫፍ ከፍ አድርጎ መትከል ብዙ ያሳያል፤ አቧራ ሲሸፍነው መያዙን ስለሚያቆም በየሳምንቱ ተጠርጎ እንደገና ይቀባል።

ይህን ሁሉ አድርጎ መለየት ያቃተው ሰው ዝንቧን ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይውሰድ። ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ የተጣለች ዝንብ ትሰባበራለች፤ አረቄ ውስጥ የተቀመጠችም ውሃው ስለሚበዛ ውላ ስታድር ትበሰብሳለች። 70 በመቶ አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ከአምስት እስከ አሥር ዝንብ፣ ቢቻል ከነትላቸው። ትሉ አልኮል ውስጥ ከመግባቱ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ከተነከረ አይጠቁርም። ቦታው፣ ቀኑና የተገኘበት ተክል፣ ፍሬው ዛፍ ላይ ይሁን መሬት የወደቀ ጭምር፣ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮሉ ያጥበዋል።